ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው

ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጉና፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ይህ ደብተር የሥራ መዝገብ አይደለም። የሥራ መዝገቡ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ነው፤ እሱን ማንም ማየት ይችላል። ይህኛው የእኔ ነው። አዛለች ይህን መስመር እያነበበች ከሆነ እዚሁ ላይ ታቁም።

የምጽፈው የምናገረው ሰው ስለሌለኝ ነው። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ጥበቃው ደሳለው አለ፤ እሱ ግን ከሚሰማው የሚያወራው ይበልጣል። ልጄ አዛለች አለች፤ እሷ ደግሞ የምለውን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ትስቃለች።

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። ከኅዳር ጀምሮ፣ ከክምር ድንጋይ በላይ፣ ጉና ተራራ ትከሻ ላይ አንድ የቆርቆሮ ቤት ቆሟል። ጣሪያው ተንሸራቶ ይከፈታል። ውስጡ ቴሌስኮፕ አለ። አንድ ኮከብ ላይ አፍጥጦ የሚያድር ዓይነት አይደለም። ስድስት ሙሉ ጨረቃ በአግድም፣ ስድስት በቁመት ቢደረደር የሚሸፍነውን ሰማይ በአንድ ፎቶ ያነሳል። ሰማዩን በቁጥር ከፋፍለነዋል፤ ቁራጭ በቁራጭ እናነሳዋለን። አንዱን ቁራጭ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ፣ በግማሽ ሰዓት ልዩነት። ኮከብ ቦታውን አይለቅም። በሦስቱ ፎቶ ላይ ቦታዋን እየለቀቀች የምትሄድ ነጥብ ካለች ግን ፀሐይን የምትዞር ዓለት ናት። እሷን ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ፎቶ ቤት ነበረኝ። በኔጌቲቭ ላይ አቧራን ከሙሽራ ጥርስ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ኮምፒውተሩም ይፈልጋል ይላሉ። ይፈልግ።

ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው አዛለች ናት። ኩዌት ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰችው አምና ነው። ቅጥሯ የሙከራ ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር ታምራት ባሕር ዳር ሆኖ ሥራዋን እያየ መጋቢት 15 ላይ ይወስናል። ካልቀጠራት ወደ ኩዌት እንደምትመለስ ለእናቷ ነግራታለች። ለእኔ አልነገረችኝም። የእኔም ጉዳይ አይደለም፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ የፈለገችበት ትሂድ። ፓስፖርቷን አሳድሳዋለች። ቤት ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ነጠላዋ ሥር ነው። ያለፈው እሑድ እዚያው ነበር።

ጥር 12 ላይ አይጥ ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበለውን ገመድ በላችው። የኮምፒውተሩም ሰዓት መብራት በጠፋ ቁጥር ሃምሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ሌላ ገመድ እስኪመጣ ድረስ ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት በእጅ እንጽፋለን። ሰዓቱን አዛለች ከስልኳ ትጠራለች። ቀኑን እኔ እጽፋለሁ። ወደ ፈረንጅ ቀን የምመልሰውም እኔ ነኝ፣ ራሴ ባወጣሁት ሠንጠረዥ። እሷ የጻፍኩትን እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች። ቀኑንም ስልኬ ይነግረን ነበር አለችኝ። ስልኩ ያልተማረውን እኔ ከመሪጌታ አባቴ ተምሬዋለሁ አልኳት። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀኑ አበቃ፤ ሌሊቱ የነገው ነው። ማኅሌቱ የሚቆመው በዚያ ነው፤ መዝገቡም የሚያዘው በዚያ ነው።

ሳቀች።

የካቲት 4፣ ምሽት፣ በጥድፊያ

ብርድ። ቁራጭ 212 ተነሳ። 213ን ደመና በላው። 214 እየተነሳ ነው።

ደሳለው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በሩ ላይ ቆመ። ሰማዩን ሸንሽነን ስንጨርስ ለእሱም አንድ ጥማድ እንድንመራው ጠየቀኝ። ገብስ የሚያበቅለው በየትኛው በኩል ነው አለ። ብርሃን አታስገባ፣ በሩን ዝጋ አልኩት። ዘጋው። ከውጭ ሆኖ፣ «ግብሩንም ከወዲሁ ይንገሩኝ» አለ።

አዛለች ሥራ ትታ ሳቀች። 214 ሁለተኛው ፎቶ በዚህ ምክንያት ሁለት ደቂቃ ዘገየ። መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ፦ «በደሳለው ምክንያት»።

የካቲት 7፣ ከቀትር በኋላ

ስለ ወረቀት እንደገና ተጨቃጨቅን። እኔ ፎቶዎቹን በኔጌቲቭ መልክ አሳትሜ ነው የማያቸው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቡ ጥቁር። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቼ በማጉያ መነጽር ከግራ ወደ ቀኝ አነባቸዋለሁ። አንድ ቁራጭ ለማንበብ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። ኮምፒውተሩ በአሥር ሰከንድ ይጨርሳል። እሷ ይህን ነገር በየሳምንቱ ታስታውሰኛለች።

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ «ተንቀሳቃሽ» ብሎ ካመለከታቸው ሃያ ሁለት ነገሮች ውስጥ አሥራ ሰባቱ ሳተላይት፣ ሦስቱ የሌንስ ነጸብራቅ ነበሩ። አንዱ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የቀረው አንድ እውነተኛ ነበር፤ እሱንም እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ።

ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሲነገራቸው የሚዘናጉ ሰዎች አሉ። ትኩረቱን የምታስተካክለው በጆሮዋ ነው የሚመስለው፤ የሞተሩን ድምፅ አዳምጣ «አሁን» ትላለች፤ ልክ ትሆናለች። ኩዌት ከአንዲት አሮጊት ሴትዮ ቤት የልብስ ማጠቢያውንም፣ የአየር ማቀዝቀዣውንም እሷው ትጠግን ነበር አሉ። ለእናቷ ስታወራ ሰማሁ።

የካቲት 10

ሑዳዴ ትናንት ገባ። ነፋስ። ጣሪያው አልተከፈተም። ሁለት ጥንድ ካልሲ ለብሻለሁ። ገመዱ አልመጣም።

የካቲት 14፣ ሊነጋ ሲል

አገኘኋት ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የምለው ለዶክተሩ ነው። ለራሴ አገኘኋት።

ቁራጭ 231። አሰድ በምንለው፣ በአንበሳው ክዋክብት ክልል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከአንድ ደማቅ ኮከብ ጥግ ተለጥፋለች፤ ኮምፒውተሩ ያለፋት በዚህ ነው፣ የኮከቡ አካል መስላዋለች። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ወጣ ብላለች። በሦስተኛው ርቃለች። ፈጣን ናት። እንዲህ የምትፈጥን ቅርብ ናት ማለት ነው። ከታወቁት ዝርዝር ውስጥ እንደ እሷ ያለ በዚያ ቦታ የለም።

አዛለችን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«አቧራ ብትሆንስ አባዬ?»

«አቧራ አይራመድም» አልኳት።

ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። እጇ በረዶ ነበር። ጓንት አድርጊ ብዬ ተቆጣኋት።

በመዝገቡ፦ የካቲት 14፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ 4 ተኩል፣ 5 ሰዓት።

የካቲት 16፣ ንጋት

ማታ ደግማ ታየች። በአንድ ምሽት ብቻ የታየች ነጥብ ወሬ ናት፤ በሁለት ምሽት የታየች ግን መረጃ ናት። በመዝገቡ የካቲት 16፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10 ብዬ ጽፌያታለሁ። አዛለች ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ የሁለቱንም ምሽት ልክ ለዶክተሩ ላከች። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ከየአገሩ ለሚሰበስበው ማዕከል ያስተላልፋል። እነሱ የምትሄድበትን አስልተው ለሌሎች ቴሌስኮፖች ይናገራሉ፤ እነዚያ እንደገና ካገኟት ትመዘገባለች። ካላገኟት ትጠፋለች፤ ሰማዩ ሰፊ ነው።

ዶክተሩ ይህች ነጥብ ከተረጋገጠች ለጣቢያውም ለአዛለች ቅጥርም ትልቅ ነገር ነው ብሎ ጻፈላት። አንብባ ነገረችኝ። ለጣቢያው ደስ ብሎኛል።

ዛሬ ወደ ቤት መውረድ አለብን። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተረኛ እቴነሽ ናት። ነጥቤን ትቼ አልወርድም ብዬ ነበር። እቴነሽ በስልክ፣ «ነጥብህን ይዘሃት ና፤ ቦታ አለ» አለችኝ። ሚስቴ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምትናገረኝ።

የካቲት 17፣ ጠዋት፣ ደብረ ታቦር

ማኅበሩ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቆየ። ከዚያ በኋላ ወደ ጉና መኪና ስለሌለ እዚሁ አደርን። ሴቶቹ ሲቀልዱብኝ አመሹ። አንዷ፣ ጋሽ ፋንታው እንደ ኮከቡ ሆነዋል፣ ቀን ቀን አይታዩም አለች። እቴነሽ ማታም ቢሆን ለእኔ አይታየኝም አለቻት። ሳቁ። ሽሮው ጥሩ ነበር።

ለንፋስ ጓሮ ወጣሁ። አዛለች ከአጥሩ ሥር ቆማ በስልክ ታወራለች። «እስከ መጋቢት አሥራ አምስት ብቻ ይታገሱኝ፤ ካልሆነ መምጣቴ ነው» ስትል ሰማሁ። ደላላው ነው። አልሰማሁም ብዬ ሳልኩና ገባሁ።

ፓስፖርቱ ቦታው ነው። ሳጥኑን የከፈትኩት መነጽሬን ስፈልግ ነው።

የካቲት 21፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ዶክተሩ ደወለ። አዛለች ጉብታው ላይ ሆና ድምፁን ከፍ አድርጋልኝ አብረን ሰማን።

ነጥቧ የለችም። ሁለት አገር ያሉ ቴሌስኮፖች ትኖርበታለች በተባለው ቦታ ፈለጓት፤ ባዶ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ከጥር አጋማሽ ወዲህ ከላክናቸው ዓለቶች ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተነሱት በሙሉ ይገጥማሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት የተነሱት አንድም አይገጥምም። በትሕትና ነው የተናገረው። ምናልባት ምሽት ላይ ሌንሱ ጤዛ ይይዝ ይሆናል፣ ምናልባት ቁጥር ሲገባ ስህተት ይኖራል፣ ነጥቧም ምናልባት አቧራ ናት አለ።

አቧራ አይራመድም አልኩት። ስልኩ ተቆረጠ። ኔትወርኩ ነው፤ እኔ አልዘጋሁበትም።

የካቲት 22

ሌንሱን ፈታሁት። ጤዛ የለም። አዛለችን ቁጥር ስታስገቢ ስልክ ታወሪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ ባለ ድምፅ መጠየቅ አልነበረብኝም። ሰማያዊውን መዝገብ አንስታ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጣ ከጥር 12 ጀምሮ አንድ በአንድ አስተያየችው። እስከ ማታ ተቀመጠች። አንድም የተሳሳተ ቁጥር የለም። ያልኩትን እንዳለ አስገብታለች።

ደሳለው የተቀቀለ ድንች አመጣላት። ለእኔ አላመጣልኝም።

የካቲት 23፣ ከቀትር በፊት

አዛለች መዝገቡን ይዛ መጣች። ጣቷን የካቲት 16 ላይ አድርጋለች።

«አባዬ፣ የአሥራ ስድስት ዕለት ማታ የት ነበርን?»

«እዚሁ። ነጥቧን ለሁለተኛ ጊዜ ያነሳንበት ነው።»

«የኪዳነ ምሕረት ዕለት ማታ እኮ እማዬ ጋ ነበርን። ማኅበር ላይ። እስከ ሦስት ሰዓት ሽሮ ሲበሉ ነበር። እዚህ ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአሥር ፎቶ ተነሳ ይላል። ማን አነሳው?»

«ከማኅበሩ በፊት ባለው ሌሊት ነዋ! የኪዳነ ምሕረት ሌሊት።»

«እሱ እኮ አሥራ አምስት ነው አባዬ።»

«ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ?»

«ለስልኩም፣ ለፈረንጁም፣ ለዶክተሩም አሥራ አምስት ነው። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አሥራ አምስት ነው።»

ለእኔ እንዲህ አይደለም አልኳት። ከክርስቶስ ልደት በፊትም እንዲህ አልነበረም። ብዙ ተናገርኩ። ቆማ ሰማችኝ፤ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 24፣ ሌሊት

ጨረቃ ሙሉ ናት፤ ሥራ የለም። ጣሪያው ተዘግቷል።

አስልቼዋለሁ። ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። ፀሐይ ከጠለቀችበት እስከ እኩለ ሌሊት ያለውን ሁሉ እኔ የነገውን ቀን እየሰጠሁ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው የእኔም የፈረንጁም ቀን አንድ ስለሆነ ልክ ነው። ዶክተሩ ያለው ይኸው ነበር፤ ግማሹ ይገጥማል፣ ግማሹ አይገጥምም። ሃያ ዘጠኝ ምሽት ነው። ነጥቧን በሌለችበት ቀን አስቀምጬ ዓለም ሁሉ በባዶ ሰማይ እንዲፈልጋት አደረግሁ።

ሥርዓቱ ልክ ነው። አባቴ አልተሳሳተም። ለማኅሌት የተሠራን አቆጣጠር ለካሜራ የሰጠ ሰው ነው የተሳሳተው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አዛለች ቀኖቹን በሙሉ አስተካክላ ወረቀት ላይ ጽፋ አመጣችልኝ። ነገ ትልከዋለች። ዶክተሩ ስህተቱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም አልኳት።

«እኔ ሳስገባ ተሳስቼ ነው እላለሁ» አለች። «እኔ ብሳሳት ይስቁብኛል እንጂ ምን ይላሉ? እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በከተማው ‹ፋንታው አይሳሳትም› ሲባል ኖረው!»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ፋኖሱን አስተካከልኩ። ክሩ ረዝሞ ነበር። ስጨርስ እሷ ወጥታለች።

የካቲት 26

ነጥቧ ተገኘች!

እንደገና መፈለግ እንኳን አላስፈለጋቸውም። በሌላ አገር ያለ እንደኛው ሰማይ የሚያነሳ ጣቢያ የዚያኑ ምሽት ያንኑ ሰማይ አንስቶ አስቀምጦት ነበር። ቀኑ ሲስተካከል ያስቀመጡትን ፎቶ አውጥተው አዩ፤ እዚያው ናት። በዋዜማውም አለች። ማንም ልብ አላላትም ነበር። ቅርብ ናት፤ አትነካንም፤ በሦስት ዓመት አንዴ በአጠገባችን የምታልፍ ናት አሉ።

ዶክተሩ ደስ ብሎት ደወለ። ደሳለው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ ጀሪካን ጠላ አመጣ። ለነጥቧ ምን ስም ይወጣላታል ብሎ ይጨቀጭቀኛል። በሬው «ቦራ» ስለሚባል ቦራ ትባል ነው የሚለው።

አልጠጣሁም። ድርሻዬን ለደሳለው ተውኩለት።

የካቲት 29፣ ማታ

የዶክተሩ ደብዳቤ መጣ። አዛለች ከጉብታው ስትወርድ አየኋት። ስትሄድ እየሮጠች ነበር፤ ስትመለስ በእርጋታ ነው።

ነጥቧ ተመዝግባለች። ጣቢያው ይቀጥላል። የማሽን ሠራተኛዋ ግን ለሃያ ዘጠኝ ምሽት ቀን አሳስታ ስላስገባችና ራሷም ስላመነች፣ የሙከራ ጊዜዋ ሲያበቃ አትቀጠርም። በመጋቢት 15 በምትኳ ከባሕር ዳር ሌላ ሰው ይመጣል።

አነበበችልኝ። ጨረሰች። ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ምንም አይደል አባዬ» አለች። «ነጥቧ ተገኝታለች።»

ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄደች። ቁራጭ 260 ላይ ነበርን። ትኩረቱን በጆሮዋ አስተካከለች። «አሁን» አለች። ልክ ነበረች።

መጋቢት 1

ለዶክተሩ ደብዳቤ ጀመርኩ። ቀደድኩት።

መጋቢት 2፣ ሌሊት፣ ቤት

ለአንድ ቀን ወረድኩ። እቴነሽ ምን ሆነሃል አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይቀመጥም አለች። አዛለች ለእሷም እውነቱን አልነገረቻትም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብላታለች። እቴነሽ ስለ ልጅቷ ስታዝን ውላ፣ «ካንተ ጋር ሆና እንዴት ቀን ትሳሳታለች? አንተ እያለህ?» አለችኝ። አመነችኝ። አርባ ዓመት ስትቀልድብኝ ኖራ ይህን ቀን መርጣ አመነችኝ።

ፓስፖርቱ ሳጥኑ ውስጥ የለም። እዚያ ጉና ቦርሳዋ ውስጥ ነው ማለት ነው።

እንቅልፍ ስለሌለኝ አንድ ነገር ልጻፍ። አምና ጳጉሜን ውስጥ አዛለች ከስምንት ዓመት በኋላ ስትመለስ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ አልተቀበልኳትም። የዚያን ዕለት ማታ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። በዓመታት አንዴ የሚታይ ነው፤ ልስለው ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። እናቷን ላክሁ። ግርዶሹን ጠበቅሁ። ሰማዩ ግጥም ብሎ ተዘግቶ አመሸ፤ አንድም ነገር አላየሁም። ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ጓሮ ወንበር ላይ ወደ ደመና አንጋጥጬ ነበር። «ታየ አባዬ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ታየ አልኳት።

እሷ ደመናውን አይታው ነበር እኮ። ከወረታ ጀምሮ በዝናብ ነው የመጣችው።

መጋቢት 3

ባሕር ዳር እሄዳለሁ። መኪና አለ።

መጋቢት 3፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ፣ መኪና እየጠበቅሁ

ዶክተር ታምራት ቢሮው ነበር። ወንበር ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም። ከጉና ይዤው የወረድኩትን ሰማያዊ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «አዛለች የነካችው አንድም ቁጥር የለም። የጻፍኩትን እንዳለ አስገብታለች። ስህተቱን ያገኘችውም እሷ ናት።»

ከዚያ መዝገቡን ሳይከፍት ወደ እኔ መለሰው።

«ጋሽ ፋንታው፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ቸልተኛ ሰው እንዲህ በሥርዓት አይሳሳትም። ሃያ ዘጠኝ ምሽት፣ አንዱም ሳይዛነፍ! ግን እሷ ፈርማ የላከችውን ምን ላድርገው? የሚመጣ ሰው እንዳለ ልይ ብዬ ነበር። እስከ መጋቢት አሥራ አምስት ድረስ።»

እንግዲህ ይህ ልጅ ሲጠብቀኝ ነበር። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው።

አቆጣጠሩ በራሱ ትክክል መሆኑን አስረዳሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። በትዕግሥት ሰማኝና፣ እንደዚያ ከሆነ ትናንት ማታ የበላሁት ራት የዛሬ ሆኖ ተቆጥሮ ዛሬ ጦሜን ልደር ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለቀልድ አልነበረም የሄድኩት።

ከዚያ ወረቀት ሰጠኝ። ያልኩትን በእጄ ጻፍኩ። «ይቅርታ» የሚል ቃል ይጨመርበት እንደሆነ አሰብኩ። ጨመርኩበት። ለዶክተሩ አይደለም፤ «ለሥራ ባልደረባዬ ለአዛለች ፋንታው» ብዬ ነው።

ከታች ቀን ይጻፉበት አለኝ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ ነበረ። ቀትር ስለነበር አላመነታሁም።

መጋቢት 4፣ ጉና

ነገርኳት። ሌንሱን እየጠረገች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የሰማችኝ።

«ማን ሂዱ አለዎት?» አለች።

«ማንም።»

«በሑዳዴ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ባዶ ሆድዎን!»

ተቆጣችኝ። ረጅም ጊዜ ተቆጣችኝ። ምሳ ሳልበላ መሄዴን፣ ካፖርቴን ረስቼ መሄዴን፣ ስልኬን አለመያዜን። ስለ ቀኑና ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልተናገረችም። ጨርቁን ጨምቃ ጨምቃ ውኃ አልቀረውም።

ከውጭ ደሳለው፣ «እሰይ፣ ዛሬስ ተራው የእርስዎ ሆነ!» ሲል ተሰማኝ።

መጋቢት 8፣ ከቀትር በኋላ

ደብዳቤ። አዛለች ተቀጥራለች፤ ከመጋቢት ጀምሮ ቋሚ። መዝገብ መያዝ በሙሉ የእሷ ኃላፊነት ነው። ገመዱም አብሮ መጣ፤ እስከሚተከል ግን በእጅ መጻፉ ይቀጥላል። የወረቀት ምርመራዬም ይቀጥላል፤ ነገር ግን «መርማሪው በጣቢያው ኃላፊ በወይዘሪት አዛለች ፋንታው ሥር ሆኖ ይሠራል»።

ዶክተሩ ይህን ዓረፍተ ነገር እየሳቀ እንደጻፈው አውቃለሁ።

የምቀበል ከሆነ እንድፈርም ቦታ ተትቷል። ሁለት ሰዓት አሰብኩበት። እቴነሽ በስልክ፣ አዛለችን «እንዳይሰንፍብሽ ተከታተይው፤ ጠዋት ላይ መተኛት ያበዛል» ስትላት ሰማሁ። ፈረምኩ።

ደላላው ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳችለትም። ሦስተኛውን አነሳችና ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነገረችው።

መጋቢት 10፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት

በእሷ ሥር ሆኜ የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ጨረቃ የለችም። ከጉና ላይ ሆነህ ስታየው ሰማዩ የተደፋ ያህል ነው።

መዝገቡን እሷ ያዘች። እኔ ማጉያ መነጽሬንና ወረቀቴን ብቻ። በየሰዓቱ «የትኛው ቁራጭ ላይ ደረሱ?» ትለኛለች፤ በራሴው የማስተማሪያ ድምፅ ነው የምትናገረኝ። የእጅ ጽሑፏ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ተናግሬያለሁ፤ መዝገቡ የማን ነው አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቀኑ ሊለወጥ ነው፣ ይምጡ ይዩ አለችኝ። ወጣን። ደሳለውም ምን ሊታይ ነው ብሎ ተጠግቶ ቆመ። ሦስታችንም አንጋጠን ጠበቅን። ስልኳ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰማዩ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ደሳለው፣ «ይኸው ነው?» አለ። ይኸው ነው አለችው። ገብታ በመዝገቡ አዲስ ገጽ ገለጠች፤ ከላይ መጋቢት 10 ብላ ጻፈች። እኔ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አሥር ላይ ነበርኩ። ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ቁራጭ 288 ላይ ዓይኔ ደከመ። ተኙ፣ የቀረውን እጨርሰዋለሁ አለችኝ። ወረቀቴን ሰብስቤ፣ ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቀስቅሽኝ አልኳት።

ከመዝገቡ ቀና ሳትል፣ «በየትኛው ነገ? በእኔ ነው በእርስዎ?» አለች።

«ባንቺ» አልኳት።